ብርሃንና የማይታዩት ወንድሞቹ

ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ በየጊዜው የብርሃን በዓል ይደረጋል። የበዓሉም ስም «ኑር ሪያድ» ይባላል። «ኑር» በዐረብኛ ብርሃን ማለት ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ቃሉን በድንገት ሲሰማው የሽማግሌ ምርቃት ይመስለዋል። እንጀራ ፍለጋ ወደዚያች ከተማ የሄደ ኢትዮጵያዊ ስሙን በትልቅ ሰሌዳ ላይ አንብቦ «ከተማይቱን የሚመርቃት ማን ነው? ደግሞስ ኑሪ አይባልም ወይ?» ቢል አይፈረድበትም። ደግሞም እጅግ አልተሳሳተም፤ ብርሃን ከሌለ የሚኖር የለምና።

በበዓሉ ሌሊቶች የከተማይቱ ረጃጅም ሕንጻዎች ግድግዳ እንደ ብራና በቀለም ይዋባል፤ በዋዲ ሐኒፋ ሸለቆና በሌሎችም ስፍራዎች ጥበበኞች ከብርሃን ብቻ የሠሩት ሥራ ይታያል፤ የሌዘር ጨረር ጨለማውን እንደ ክር ይሰነጥቀዋል። በ2024 የተደረገው በዓል አርእስቱ በአማርኛ ሲመለስ «በብርሃን ዓመታት የተራራቁ» የሚል ነበር። ይህን አርእስት ካነበቡት ሰዎች መካከል የብርሃን ዓመት የጊዜ ሳይሆን የርቀት መለኪያ መሆኑን ልብ ያሉት ስንት ይሆኑ? የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው መንገድ ነው፤ ይኸውም 9 ትሪሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ይልቅ ደምቃ የምትታየው ሲርየስ ከምድር የምትርቀው 8.6 የብርሃን ዓመት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ እርስዋ የሚመለከት ሰው የሚያየው የዛሬውን ሳይሆን ከስምንት ዓመት ተኩል በፊት የወጣውን ብርሃንዋን ነው። መልእክተኛው የደረሰው ዛሬ ነው፤ ደብዳቤው ግን የቆየ ነው።

የበዓሉ አዘጋጆች ከትርኢቱ ጋር ንግግርና ጉብኝት ማሰናዳታቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው አይቶ፣ ተደንቆ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ መብራቱ ሲጠፋ መደነቁም አብሮ ይጠፋል። በሌላ ወገን ደግሞ መደነቅን የሚሸሹ መምህራን አሉ። እነዚህ ስለ ብርሃን ሲያስተምሩ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሰሌዳውን በፊደልና በቍጥር ይሞሉታል፤ «ሳይንስን በጨዋታ ማስረዳት ሳይንስን ማርከስ ነው» ብለውም ያምናሉ። ከሁለቱ ስሕተቶች የሚከፋው ይህ ሁለተኛው ነው። የተደነቀ ሰው ቢያንስ ይጠይቃል፤ የተሰለቸ ግን አይጠይቅም።

የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የአንድምታ መምህር ንባቡን ተርጕሞ ሲያበቃ «ታሪክ» ብሎ ምሳሌውን ያመጣል፤ ተማሪውም ይስቃል፤ የሳቀበትን ነገር ግን እስከ እርጅናው አይረሳውም። ትርጓሜውን ያረከሰበት የለም። ደግሞ ይህ ተማሪ ነገ ወደ አገሩ ሲመለስ ሕዝቡ የሚጠይቀው ስለ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። «የስልኩ ጨረር ልጆቼን ይጎዳብኛል ወይ? ፀሐይ ስትጨልም ማየት ነውር አለበት ወይ?» ይባላል። በዚያን ጊዜ ዝም ቢል ባዶውን ስፍራ ወሬ ይሞላዋል፤ በወሬ ምክንያትም ዐይኑን የሚያጣ ሰው ይኖራል። ነገሩ ጨዋታ ብቻ ያልሆነውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ብርሃን ምንድን ነው? ወደ ደብረ ዳሞ የተሳለመ ሰው ወደ ገዳሙ የሚያወጣውን ጠፍር ያስታውስ። ከታች ያለ ሰው ጠፍሩን ይዞ ቢወዘውዘው ሞገዱ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ጠፍሩ ግን ከስፍራው አይሄድም። የሚሄደው ውዝዋዜው ነው። ብርሃንም እንዲሁ ውዝዋዜ ነው፤ ነገር ግን የሚወዛወዘው ጠፍር አይደለም፤ የኤሌክትሪክና የማግኔት ኀይል ነው። አንዱ ሲወዛወዝ ሌላውን ይወልዳል፤ ያም ተመልሶ የፊተኛውን ይወልዳል፤ እንዲህ እየተወላለዱ በባዶ ሕዋ እንኳ ይሄዳሉ። ይህን በ1865 በታተመ ጽሑፉ በሒሳብ ያሳየው የስኮትላንዱ ሰው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። የሞገዱን ፍጥነት ቢያሰላ ከብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመለት፤ ከዚህም የተነሣ ብርሃን ራሱ ከዚህ ወገን መሆኑን ተናገረ። ፍጥነቱም በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፀሐይ የወጣ ብርሃን ምድር ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ አንድ ዲያቆን ጧፍ አብርቶ፣ መጽሐፉን ዘርግቶ፣ ጕሮሮውን እስኪጠርግ ድረስ ማለት ነው።

የሚታየው ብርሃን ግን ብዙ ወንድሞች ያሉት አንድ ልጅ ነው። ወንድማማቾቹ ሁሉ አንድ ባሕርይ፣ አንድ ፍጥነት አላቸው፤ የሚለያዩት በሞገዳቸው ርዝመት ብቻ ነው። ዝምድናቸውን ለማየት ሦስት መቶ ሜትር የሚሆን ገመድ በአሳብ መያዝ ይበቃል። ይህ በመካከለኛ ሞገድ የሚያሰራጭ የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሞገድ ርዝመት ነው። ገመዱ ለሁለት ይታጠፍ፤ እንደ ገና ለሁለት ይታጠፍ። አራት ጊዜ ሲታጠፍ የደብረ ዳሞን ጠፍር ሊያህል ጥቂት ይተርፈዋል፤ ከሩቅ አገር የሚመጣው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከዚህ አጠገብ ነው። ስድስት ሰባት ጊዜ ሲታጠፍ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ይደርሳል። በዐሥረኛው ላይ ከስንዝር ጥቂት ይበልጣል፤ ይህ የእጅ ስልክ ሰፈር ነው። በዐሥራ አንደኛው አጠገብ ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ገመዱ ከዐይን እየተሰወረ ይሄዳል፤ ማጠፉ ግን አይቆምም። በሃያ አምስተኛው እጥፋት ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ጥቂት ያንሳል። በዚህ ስፍራ የሚገኘው ማን ነው? ሰው ራሱ ነው! የሰው ገላ ሌሊትና ቀን የሚያበራው በዚህ ሞገድ ነውና፤ ነገር ግን ዐይን ይህን ብርሃን አያየውም። ስሙ ኢንፍራሬድ ነው፤ «ከቀይ በታች» እንደ ማለት። ይህን ማንም እናት ታውቀዋለች፤ ምጣዱ መጋሉን ለማወቅ መዳፍዋን ሳታስነካ ከላይ ትዘረጋለች፤ ምጣዱ እንደ ፍም አልቀላም፤ መዳፍዋ ግን ግለቱን ይሰማል። ወደ ላይ የሚወጣው ትኩስ አየር አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው የማይታየው የምጣዱ ብርሃን ነው። በሪያድም በበጋ ቀን ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ ግንቡና አስፋልቱ ያን ሁሉ ይጠጣሉ፤ ፀሐይ ከገባችም በኋላ በዚሁ በማይታይ ብርሃን መልሰው ይተፉታል። በሌሊት በሪያድ መንገድ የሚሄድ ሰው ፊቱን የሚገርፈው ግለት ከፊሉ ከግድግዳው የሚመጣ ብርሃን መሆኑን ቢያውቅ፣ ያ የኑር በዓል ሳይጠራው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ዘወትር የሚደረግ መሆኑን ያስተውል ነበር።

ይህን ወንድም በ1800 ያገኘው ዊልያም ሄርሼል ነው። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ወደ ቀለማት ከፍሎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ፤ ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም በማይታይበት ስፍራ ያኖረው ቴርሞሜትር ግን ከሁሉ ይበልጥ ሞቆ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ዮሐን ሪተር በሌላው ጫፍ ከሐምራዊው ቀለም ወዲያ ያለውን አልትራቫዮሌት አገኘ።

ገመዱ በሃያ ስምንተኛው እጥፋት ገና ከኢንፍራሬድ አይወጣም። በሃያ ዘጠነኛው ላይ ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ይሆናል፤ ይታያል! በሠላሳኛው ላይ አልትራቫዮሌት ሆኖ ይሰወራል። የሰው ዐይን የሚያየው እንግዲህ ያቺን ሃያ ዘጠነኛይቱን እጥፋትና ግራ ቀኝዋን ጥቂት ብቻ ነው። የማርያም መቀነት ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያላት ውበት ሁሉ፣ በሪያድ ሕንጻዎች ላይ የሚፈሰው ቀለም ሁሉ፣ የላሊበላ ድንጋይ የጧት መልክ ሁሉ፣ ከአንዲት እጥፋት አይወጣም። በአርባ አንደኛው እጥፋት ደግሞ ዊልሄልም ሮንትገን በ1895 ያገኘው፣ ሐኪም ቤት «ራጅ ተነሣ» የሚባልበት ጨረር ይቆማል። ከእርሱ ወዲያ ጋማ አለ።

አሁን በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ማታ ሥራዋን ጨርሳ ለእናትዋ ብትደውል ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። ከሪያድ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድምፅዋ በስልክዋ ውስጥ የዐሥረኛው እጥፋት ወንድም ይሆንና ወደ አንቴናው ምሰሶ ይበራል፤ ከዚያም አብዛኛውን መንገድ ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ በኢንፍራሬድ ብርሃን ይሄዳል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ፍጥነቱ በሲሶ ይቀንሳል፤ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ቢሆንም የቀይ ባሕርን ወርድ ለመሻገር የዐይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይፈጅበትም። ወሎ ሲደርስ እንደ ገና ሬዲዮ ሆኖ ከምሰሶው ይወርዳል። በመጨረሻ እናቲቱ «ልጄ፣ ድምፅሽ ደከመብኝ፤ አሞሻል እንዴ?» ትላለች። ሁለት ጊዜ መልኩን ለውጦ በተጓዘ ብርሃን ውስጥ ድካሙ እንኳ ሳይጎድል ደርሶአል። ከሪያዱ በዓል ትርኢቶች ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ማንም ቲኬት ቆርጦ ባያየውም።

በሪያድ ይህ ነገር ቀድሞ በጥርጣሬ የታየበት ጊዜ ነበር። ንጉሥ አብዱልአዚዝ ስልክና ሬዲዮ ሲያስገቡ አንዳንድ የሃይማኖት ሊቃውንት ከሰይጣን እንዳይሆን ስለ ፈሩ፣ ንጉሡ ቍርኣን በመሣሪያው እንዲነበብ አድርገው አሰምተዋቸው ነገሩ ረገበ ተብሎ ይተረካል። ዘዴው ብልኅነት አለው። ነገር ግን መሣሪያው ክፉ አለመሆኑን አሳየ እንጂ ምን መሆኑን አላስረዳም፤ ፍርሃቱ ወጣ፤ በፍርሃቱ ስፍራ እውቀት መግባቱ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቅ ነበር። በ1965 በዚያው አገር ቴሌቪዥን ሲጀመርም ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር፤ ያ ግን ስለ ሥዕልና ስለ ምግባር እንጂ ስለ ሞገድ ስላልነበረ እዚህ አይገባም።

በኢትዮጵያም ዛሬ ተመሳሳይ ፍርሃት አለ፤ ምንጩም ሰይጣን ሳይሆን አንድ ቃል ነው። አማርኛ የፀሐይንም፣ የራጅንም፣ የስልክንም፣ የአቶም ቦምብንም «ጨረር» ብሎ በአንድ ስም ይጠራል። ስለዚህ ሰው ሁሉንም በአንድ ዐይን ይፈራል፤ ወይም ሁሉንም በአንድነት ይንቃል። ልዩነቱን ግን አንስታይን በ1905 ያሳየው አሳብ ይፈታዋል። ብርሃን ሲጓዝ እንደ ሞገድ ይጓዛል፤ ኀይሉን ሲሰጥ ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ እንደ ፍሬ እየቈጠረ ይሰጣል። ሞገዱ በረዘመ መጠን ፍሬው ይቀላል፤ ባጠረ መጠን ይከብዳል። በእንስራ ላይ አንድ ኩንታል ጥጥ በጥቂት በጥቂቱ ቢወረወርበት አይሰበርም፤ አንዲት ድንጋይ ግን ትሰብረዋለች። የሬዲዮና የስልክ ፍሬ ጥጥ ነው። አልትራቫዮሌት ጠጠር መሆን ይጀምራል፤ ራጅና ጋማ ድንጋይ ናቸው፤ የሰውን ገላ የሚሠሩትን ጥቃቅን ማሰሪያዎች ይበጥሳሉና። ደግሞ ጥጥም ቢሆን ሲበዛ ያሞቃል፤ ማይክሮዌቭ ወጥ የሚያሞቀው በዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1992 የፀሐይን ጨረር ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ተራ አስገብቶታል፤ የስልክን ሞገድ ግን በ2011 «ምናልባት» ከሚባሉት ተራ ብቻ አኖረው። ከስልክ ጨረር ሸሽቶ ቀኑን ሙሉ ራሱን ሳይሸፍን ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ ሰው እንግዲህ ከድመት ሸሽቶ ነብር ቤት የገባ ነው። የገዳም አባቶች በቆባቸው ላይ ሻሽ ደርበው መሄዳቸው በዚህ ረገድ የሳይንስ መጽሐፍ ካነበበው ከተሜ ይበልጥ ይጠብቃቸዋል።

ስለ ዐረቡ ዓለምና ስለ ብርሃን ከተነሣ ኢብን አል ሃይተምን ማለፍ አይገባም። የተወለደው በባስራ በ965 ገደማ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የዓባይን ውሃ በጥበብ አስተካክላለሁ ብሎ ወደ ግብፅ ቢመጣ፣ አስዋን ደርሶ ወንዙን አይቶ እንደማይቻል ተረዳ፤ የገዢውን የአል ሐኪምን ቍጣ ስለ ፈራም እብድ መስሎ በቤት ታስሮ ተቀመጠ። (ዓባይ ስንቱን አሳብዶአል!) የብርሃንን ነገር የመረመረበትን ታላቅ መጽሐፉን የጻፈው በዚያ ዘመን ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ኤውክሊድና በጥሊሞስ ዐይን ጨረር እያወጣ ነገርን ይዳስሳል ብለው ነበር። እርሱ ግን፣ ብርቱ ብርሃን ዐይንን የሚያሳምም ከሆነ ብርሃን ከውጭ ወደ ዐይን ይገባል እንጂ ከዐይን አይወጣም ብሎ ተከራከረ። በሪያድ የሚሰጠውን የንጉሥ ፋይሰል ሽልማት በ2013 ከፖል ኮርከም ጋር የተቀበለው ፌረንስ ክራውስ፣ በ2023 ደግሞ የፊዚክስ ኖቤል ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኖአል። ሥራው የአቶሰከንድ ብርሃን ነው፤ አቶሰከንድ ማለት ሰከንድ ለቢሊዮን ተከፍሎ፣ ክፋዩ እንደ ገና ለቢሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። ብርሃን ራሱ በዚያ ቅጽበት የሚጓዘው ከጥቂት አቶሞች ስፋት አይበልጥም። በሪያድ በሚገኘው በንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ጥበብ የሚሠራ ላቦራቶሪ ተቋቁሞአል። ከተማይቱ ስለ ብርሃን ልታሳየው የምትችለው ግድግዳ ላይ ከሚበራው ይልቅ ይህ ቢሆን መልካም ነበር፤ ነገር ግን ወደዚያ የሚወስድ ጉብኝት በሕዝብ ዘንድ እንደ ሌዘሩ አይፈለግም።

የቀረው የግርዶሹ ነገር ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የቅዱስ ላሊበላ በዓል በዋለ በሁለተኛው ቀን ጧት፣ ጨረቃ በፀሐይ ፊት አልፋ በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይን እንደ እሳት ቀለበት አደረገቻት። የጥላው መንገድ ከኢትዮጵያ ወደ የመንና ወደ ደቡብ ሳዑዲ ዐረቢያ ምድረ በዳ ተሻገረ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ይመጣል፤ በግብፅ በሉቅሶር አጠገብ ከስድስት ደቂቃ በላይ ፍጹም ጨለማ ይሆናል፤ በጅዳና በመካም እንዲሁ ፀሐይ ፈጽማ ትሰወራለች፤ በሪያድና በኢትዮጵያ በከፊል ይታያል። ዕለቱ የከሣቴ ብርሃን የአቡነ ሰላማ ዕረፍት የሚታሰብበት መሆኑ የሚያስደንቅ መገጣጠም ነው፤ ብርሃንን በገለጠው አባት ቀን ብርሃን ይጋረዳልና።

በዚያ ቀን ብዙ ሰው ቀና ይላል። አደጋው ከግርዶሹ የሚመጣ ልዩ መርዝ አይደለም፤ ፀሐይ ያቺው ፀሐይ ናት። በሌላ ቀን ግን ማንም ወደ እርስዋ ትኵር ብሎ አያይም፤ ብርሃንዋ ያስገድደዋልና። በግርዶሽ ቀን ድምቀትዋ ስለሚቀንስ ዐይን ይታለላል፤ ብሌኑም ይሰፋል፤ ከቀረችው ስንጥር የሚመጣው ብርሃን ግን በውስጠኛው የዐይን መጋረጃ ላይ ተሰብስቦ ያቃጥላል። ያ መጋረጃ ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ የተቃጠለው ሰው የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ ነው። በጥላሸት የጠቆረ ጠርሙስ፣ የራጅ ፊልም፣ የፀሐይ መነጽር፣ በገበቴ ውስጥ ባለ ውሃ ማየት፣ እነዚህ ሁሉ የሚታመኑ አይደሉም፤ ድምቀቱን ቀንሰው የማይታዩትን ወንድሞች ሊያሳልፉ ይችላሉና። የሚበቃው ለዚሁ ተብሎ በመመዘኛ የተሠራው መነጽር ብቻ ነው።

መነጽሩን ያላገኘ ሰው ደግሞ ኢብን አል ሃይተም ስለ ግርዶሽ ቅርጽ በጻፈው ድርሳን የመረመረው ዘዴ አለው፤ እቃውም በየገዳሙ ማድ ቤት ይገኛል። ወንፊት ይዞ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ መቆም፣ ወንፊቱንም ጥላው ነጭ ነጠላ ወይም ንጹሕ መሬት ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ከፍ ማድረግ ነው። ብርሃን በቀጥታ ስለሚሄድ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚያልፈው የፀሐይን መልክ ይዞ ይወርዳል፤ ቀዳዳው ክብ ይሁን አራት ማዕዘን ልዩነት የለውም። ከዛፍ ሥር የቆመም በቅጠሎቹ መካከል የሚወርደውን ብርሃን ይመልከት። ጨረቃ ፀሐይን መሸፈን ስትጀምር በነጠላው ላይ በመቶ የሚቈጠሩ ትንንሽ ፀሐዮች ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ወገን፣ እንደ ተገመጠ ዳቦ ይጎድላሉ።